«የትኛው ዓይነት ደንጊ ነው?» ብሎ መጠየቅ

የጤና አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ትንኝ ስለምታስተላልፈው የትኩሳት በሽታ፣ ስለ ደንጊ ናቸው። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ከደም ናሙና ጋር ውዬ አድሬያለሁ። ስለዚህ የምመልሰው በዚያ በኩል የማውቀውን ነው።

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ሳቢያን እኖራለሁ። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ድሬን ያጥለቀለቀ ጊዜ እኔንም ጥሎኝ ነበር። ዓይኔ ከኋላው የሚገፋ ነበር የሚመስለኝ፤ አጥንቴ በመዶሻ የተወቀጠ። ከዚያ ደግሞ በ2011 መጨረሻ ሌላው የትንኝ በሽታ፣ ቺኩንጉንያው መጣ፤ እሱም አልማረኝም። አሁን ባለፈው ወር የ11 ዓመት ልጄ አተኮሳት። መጀመሪያ «ታይፎይድ ነው» ተባልን። በማግስቱ ሌላ ቦታ ወስጃት በፈጣን ምርመራ ደንጊ ተገኘባት። በሬዲዮ አራት ዓይነት አለ ሲባል ሰምቼ ስለነበር «የትኛው ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለሙያው «እሱ ምን ያደርግልሻል? ውሃ አጠጫት» አለኝ። ልጄ ድናለች። እኔ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። አቦ፣ መጠየቄ ጥፋት ነው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ እንኳን ልጅዎ ተሻላት። መጠየቅዎ ጥፋት የለውም። ብዙ ባለሙያ የማይጠይቀውን ነው የጠየቁት።

ባለሙያው ያለው ግማሹ እውነት ነው። ለዚያን ቀን ሕክምና ዓይነቱ የሚለውጠው ነገር የለም። አንደኛውም ቢሆን አራተኛው ሕክምናው ያው ነው፦ ፈሳሽ፣ ዕረፍት፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ከዚያ መከታተል። ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። (ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ግን ደንጊ በተጠረጠረበት ሰው ላይ አይሞከሩም። መድማትን ያባብሳሉ። «ቶሎ ያሽራል» ብለው የዲክሎፌናክ መርፌ የሚወጉ ስላሉ ነው ይህን ጣልቃ ያስገባሁት።) እንግዲህ ፈጣኑ ምርመራም ቢሆን ደንጊ ነው ወይም አይደለም ከማለት በቀር ቁጥሩን አይናገርም። ባለሙያው ልንገርዎ ቢል እንኳ በእጁ የለም።

ዓይነቱ የሚያስፈልገው ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ነው።

የደንጊ ቫይረስ አራት ነው። ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተብለው ነው የሚጠሩት። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ መልካቸው ይመሳሰላል፤ ግን አንዱ ሌላውን አይደለም። ከአንዱ የዳነ ሰው ያንኑ ዓይነት ዕድሜ ልኩን አይፈራውም። ከቀሩት ሦስቱ የሚጠበቀው ግን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ይህን ያስተዋለው አልበርት ሳቢን ነው፤ በኋላ በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት የሠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈቃደኛ ሰዎችን ይዞ ሲያጠና አንድና ሁለትን ለየ። ሦስትና አራት የተገኙት ከዚያ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ማኒላ ውስጥ።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በመጀመሪያው ጊዜ ሰውነትዎ የሠራው መከላከያ፣ አንቲቦዲ የምንለው፣ ሁለተኛውን ዓይነት ሲያይ በግማሽ ያውቀዋል። ያውቀውና ይይዘዋል፤ ግን አይገድለውም። ልክ ዘበኛ ሌባውን ክንዱን ይዞ፣ የሚያውቀው ሰው መስሎት፣ በበር ያስገባው ይመስል ቫይረሱን ወደ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ያስገባዋል። ቫይረሱ የሚራባው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ደንጊ፣ ዓይነቱ ከተለየ፣ ከመጀመሪያው ሊከፋ ይችላል። ይችላል ነው ያልኩት። ብዙው ሰው ሁለተኛውንም ተኝቶ ይነሣል። የሚጠናባቸው ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ከተማ ብዙ ሺህ ሰው ሲታመም ጥቂቱም ብዙ ይሆናል።

ይህን የኩባን ያህል ያሳየ አገር የለም። ታሪኩን መጀመሪያ የነገረን ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋ ባልደረባችን ነው። በደርግ ጊዜ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት፣ ለትምህርት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነበር። ትዝ የሚለው ጭሱ ነው። በየግቢው የትንኝ መድኃኒት ይነፉ ነበር። ሰዎች እየመጡ ጣሳ ይገለብጣሉ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር ያያሉ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ከጭሱ ኋላ ይሮጣሉ። ምን እየሆነ እንደነበር የገባው ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲማር ነው።

የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓይነት አንድ ኩባ ገባ። እጅግ ብዙ ሰው ያዘ፤ ሕመሙ ግን ቀላል ነበር። ሰው አተኮሰው፣ ተኛ፣ ተነሣ። በ1981 ዓይነት ሁለት መጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ 344,203 ታማሚ ተመዘገበ። ከ10 ሺህ በላይ የሚሆነው በጠና ታመመ። 158 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ 101ዱ ልጆች ነበሩ። ኩባ ያንን ጭስ፣ ያንን የቤት ለቤት ፍተሻ ያካሄደችው ያኔ ነው። ወረርሽኙንም አቆመችው።

ከዚያ 16 ዓመት አለፈ። በ1997 ሳንቲያጎ ደ ኩባ በምትባለው ከተማ ዓይነት ሁለት እንደገና ታየ። በዚህ ጊዜ 12 ሰው ሞተ። አንድም ልጅ የለበትም፤ ሁሉም አዋቂ ናቸው። ለምን? ልጆቹ በ1977 አልተወለዱም። ዓይነት አንድን አያውቁትም፤ ስለዚህ ዓይነት ሁለት ለእነሱ የመጀመሪያቸው ሆነ። ተኝተው ተነሡ። የተጎዱት ያኔ ዓይነት አንድ ይዟቸው የነበሩት ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን። በሃቫና የፔድሮ ኩሪ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ማሪያ ጉዋዳሉፔ ጉስማንና ባልደረቦቿ፣ ይህን ሲያጠኑ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም አደጋው እንደሚከፋም አዩ።

እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁሉ ሊያውቁ የቻሉት አንድ ሰው በ1977 «አንድ» ብሎ፣ በ1981 «ሁለት» ብሎ ስለጻፈ ነው። ቁጥሩ ባይጻፍ ኖሮ የሳንቲያጎ ሐኪሞች አዋቂው እየሞተ ልጁ ለምን እንደሚድን አይገባቸውም ነበር።

አሁን ወደ ድሬ ልመለስ። እርስዎ በ2006 ታመዋል። ያኔ ድሬ ላይ የታመመው ሕዝብ ከ11 ሺህ በላይ ነው የተባለው፤ ሳያተኩሰው ሳይታወቀው ያለፈውማ ከዚያ ይበልጣል። ልጅዎ ያኔ አልተወለደችም። ስለዚህ አሁን የሚዞረው ዓይነት ያኔ የነበረው ራሱ ከሆነ የሚታመሙት በብዛት ልጆችና ከሌላ አካባቢ የመጡ ሰዎች ይሆናሉ፤ እርስዎ ምንም አይሆኑም። ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያለበት እንደ እርስዎ ያለው ሰው ነው። ሁለቱ ነገሮች ለሆስፒታሉ የተለያየ ዝግጅት ናቸው፦ አልጋው ለማን፣ ግሉኮሱ ለማን፣ ማን ቤቱ ይሂድ፣ ማን ይደር። «ምን ያደርግልሻል?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው።

«የኔ የ2006ቱ የትኛው ነበር?» ብለው ቢጠይቁኝ አሁን የተለመደ የደም ምርመራ አይነግርዎትም። የአራቱ አንቲቦዲ ይመሳሰላል፤ ይቀላቀላል። ቁጥሩ በቀላሉ የሚገኘው በትኩሳቱ የመጀመሪያ አምስት ቀን አካባቢ ብቻ ነው፤ ቫይረሱ ራሱ በደም ውስጥ እያለ። ቺኩንጉንያው ግን በዚህ ረገድ አያስቸግርም። እሱ ዓይነቱ አንድ ነው፤ አንዴ የያዘው ሰው እንደገና ይይዘዋል ተብሎ አይጠበቅም።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉት አለ። የልጅዎን የምርመራ ካርድ አይጣሉት። በጀርባው ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ይጻፉበት። እርስዎም ወደፊት ካተኮሰዎት ገና ካርድ ሲያወጡ «በ2006 ደንጊ ይዞኝ ነበር» ይበሉ። ሳይጠየቁ ይበሉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትኩሳቱ ሲበርድ አይዘናጉ። ደንጊ የሚከፋው ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ በወረደበት ቀን፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይጥሩ።

ስለ በርሜሉም ልናገር። ድሬ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃ ማጠራቀም ግድ ነው፤ አታጠራቅሙ አይባልም። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈልገው ግን ያንን ንጹሕ ውሃ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው፤ በርሜሉ ቢደርቅ እንኳ እንቁላሉ ወራት ይቆያል። ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጉት፤ ከዚያ አጥብቃችሁ ክደኑት።

ጥያቄ፦ በአንድ ቆላ ከተማ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። በወረርሽኝ ጊዜ ደም እየቀዳን እንድንልክ ይነገረናል። እንልካለን። ውጤት ተመልሶ አያውቅም። ፈጣን ምርመራው ደንጊ መሆኑን ከነገረኝ ሌላው ለምን ያስፈልጋል? ሕዝቡም «ደማችንን ለጥናት ወሰዱት» እያለ ያማል። እውነቱን ንገሪኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውጤት አለመመለሱ ስህተት ነው። ላንተም ለታማሚውም ዕዳ ነው። ይህን ሳልቀበል ወደ ሌላው አልሄድም።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሩቅ ቦታ አይስ ቦክስ መጣልን። በጠዋት አውቶቡስ ተጭኖ፣ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶ፣ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ክዳኑን ስከፍተው የወጣብኝ አየር ለብ ያለ ነበር። ውስጡ የነበረው በረዶ ውሃ ሆኖ ብልቃጦቹ ይንሳፈፉበታል። በእስክሪብቶ የተጻፈው ስም በውሃው ተበክሎ ሰማያዊ ሆኗል። 24 ናሙና ነበር። ከወረቀቶቹ ትኩሳት የጀመረበት ቀን የተሞላው በሰባቱ ላይ ብቻ ነው። ያንን ደም የቀዳው ልጅ በዚያ ሙቀት 24 ሰው ደጅ ሄዶ አባብሎ ነው የቀዳው። እኔ ሠራሁት። ዓይነቱ ሊለይ የቻለው የሦስቱ ብቻ ነው።

እንዴት እንደሚለይ ታውቅ ይሆናል፤ ግን ላንባቢም ይጠቅማል። የቫይረሱ መልእክት አርኤንኤ ነው፤ ሙቀት ይሰባብረዋል። በፒሲአር ስንሠራ ለአራቱ ዓይነቶች አራት ጠቋሚ እንጨምራለን፤ እያንዳንዱ የየራሱ ቀለም አለው። ማሽኑ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል፣ አርባ ጊዜና ከዚያ በላይ። ስክሪኑ ላይ አራት መስመር ተጋድሞ ታያለህ። ከዚያ ቫይረሱ ካለ አንዱ ብቻ ቀና ማለት ይጀምራል፤ ሌሎቹ እንደተኙ ይቀራሉ። እኔ እስከ ዛሬ ያንን መስመር ሲነሣ ሳይ እጄን አስቀምጬ ነው የማየው። የዚያን ቀን 21 ጊዜ ምንም አልተነሣም።

ስለዚህ የምለምንህ ብዙ ናሙና አይደለም። ሁሉንም ታማሚ መመርመር አያስፈልግም። ከየቀበሌው ጥቂት፣ ትኩሳታቸው ከጀመረ አምስት ቀን ያልሞላቸውን ምረጥ። በጠና የታመመውን ሁሉ ጨምር። ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ከተማ የመጣ ታማሚ ካለ አትለፈው። ወረርሽኙ ሲጀምር አንድ ጊዜ ልከህ አታቁም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ላክ። መጀመሪያ አንዱ ዓይነት ሆኖ መሃል ላይ ሌላው ሊቀላቀል ይችላል። ደሙን አሽከርክረህ ሴረሙን ለይ፤ በፍሪጅ ቅዝቃዜ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያዘው፤ መንገዱ ከቀናት በላይ የሚፈጅ ከሆነ አስቀድመህ ደውልና እንነጋገር። በእርሳስ ጻፍ፤ እርሳስ በውሃ አይለቅም። ትኩሳት የጀመረበትን ቀን ሳትጽፍ አትላክ። ያ ቀን ከስሙ ይበልጥብኛል።

ከዓይነቱ ሌላ ከዚያው ናሙና የምናገኘው አለ። ሙሉ የዘር መልእክቱ ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ፊደላት ናቸው። እነሱን ማንበብ ከተቻለ ቫይረሱ ካቻምና ከነበረው የቀጠለ ይሁን ወይም አዲስ የገባ፣ ከየት አገሩ ቫይረስ ጋር እንደሚዛመድ ይታያል። በእኛ አገር ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። የጅቡቲ መንገድና ባቡር አለ፤ ቀይ ባሕር ማዶ የሚመላለስ ሕዝብ አለ። እዚያው ቆላ ውስጥ ከርሞ የሚነሣ ከሆነ ሥራው በርሜሉ ላይ ነው። በየጊዜው የሚገባ ከሆነ መግቢያው ላይም መጠበቅ አለብን። ዛሬ ይህን የሚያነቡ መዳፍ የሚያክሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ በአፍሪካ ብዙ ላቦራቶሪዎች የማንበቡን ሥራ ለምደውታል። የሚጎድለው ማሽን ሳይሆን ቀዝቅዞ የደረሰ ናሙና የሆነበት ቀን ብዙ ነው።

ዓይነት መቀየሩ አስቀድሞ ይናገራል። ስሪላንካ ለዓመታት ዓይነት አንድ ይበዛባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓይነት ሁለት ተመልሶ ሲመጣ በአንድ ዓመት ከ186 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ሲንጋፖር ደግሞ የትኛው ቁጥር እየበዛ እንደሆነ ዘወትር ትከታተላለች፤ ለሕዝቡም ትናገራለች። በ2020 መጀመሪያ ዓይነት ሦስት እየጨመረ መሆኑን አስታወቁ። ዓመቱ ሳያልቅ ከ35 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ማስጠንቀቂያው ወረርሽኙን አላስቀረም። ግን የሚመጣውን ሳያውቁ አልጠበቁትም።

ለሕዝቡ ምን ልበል ላልከው፣ እውነቱን በላቸው። «ይህ ደም የሚነግረን ከተማችን ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ነው፤ ዘንድሮ ሌላ ዓይነት ከገባ አምና የታመማችሁትን እንጠብቃችኋለን» በላቸው። ከዚያ ውጤቱ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ለጥፈው። ካልመጣ ደውል። ደጋግመህ ደውል። እኔ የሚደውልልኝን ጤና መኮንን ናሙና አስቀድሜ እሠራለሁ፤ አላፍርበትም።

ጥያቄ፦ ጂዳ ነው የምሠራው። ከሁለት ዓመት በፊት ደንጊ ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አሁን ኮንትራቴ አልቆ እገባለሁ። ልጆቼ አፋር፣ ሎጊያ፣ እህቴ ጋ ናቸው። በሽታውን ይዤባቸው እሄድ ይሆን? ክትባት አለ ሲሉም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ቫይረሱ በደም ውስጥ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የታመምሽበት አሁን በውስጥሽ የለም። ከሰው ወደ ሰውም በእቅፍ፣ በምግብ፣ በትንፋሽ አይተላለፍም። ልጆችሽን እንደፈለግሽ ሳሚያቸው።

መጠንቀቅ ያለብሽ ለራስሽ ነው። ጂዳ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ደንጊ የሚታይባት ከተማ ናት፤ በዓመታት ውስጥም ከአንድ በላይ ዓይነት ተገኝቶባታል። ሎጊያም በእኛ አቆጣጠር በ2015 ወረርሽኝ ነበረባት። እዚያ የሚያገኝሽ ካንቺ የተለየ ዓይነት ከሆነ ለድሬዳዋዋ እህታችን የጻፍኩት ላንቺም ይሠራል። ላይ ያለውን አንብቢው።

ክትባት አለ። በሁለት ዙር፣ በሦስት ወር ልዩነት የሚሰጥ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደንጊ በሚበረታባቸው አካባቢዎች ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች እንዲታሰብ ይመክራል። ከእሱ በፊት የነበረው ሌላ ክትባት ፊሊፒንስ ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ለሆኑ ልጆች ተሰጥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ቆሟል። ደንጊ ጨርሶ ይዞት የማያውቅ ልጅ ሲከተብ ክትባቱ እንደ መጀመሪያ ሕመም እየተቆጠረ፣ በኋላ እውነተኛው ሲመጣ እንደ ሁለተኛ ሊከብድበት እንደሚችል ስለታወቀ ነው። እዚያም ቢሆን ዘበኛው በር ላይ ነው የተሳሳተው።

አንድ ነገር ግን እዚያው ጂዳ ሳለሽ ጨርሺ። የታከምሽበት ሆስፒታል ሄደሽ የምርመራ ወረቀትሽን ጠይቂ። «ሑማ አድ-ደንክ» በያቸው፤ ያውቁታል። ፒሲአር ተሠርቶልሽ ከነበረ ቁጥሩ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ከ1 እስከ 4 ካሉት አንዱ ነው። ካገኘሽው በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለእህትሽም ላኪላት። ሻንጣ መንገድ ላይ ይቀራል።